የጨርጨር ተራሮችና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ የተቆረቆረችውም የአገሩን ጠባይ በሚወስኑት በጨርጨር ተራሮች ላይ ነው። እነዚህ ተራሮች ውሃ ከፋይ ናቸው፤ ማለትም ዝናቡን ለሁለት ተፋሰሶች የሚያካፍሉ ከፍታዎች በመሆናቸው፣ በሰሜን በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲያዘነብል፣ በደቡብ በኩል ያለው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይፈስሳል።

የከፍታው ልዩነት የከተሞቹንም ዕጣ ለይቷል። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ትቶ በቆላው በኩል ስላለፈ፣ ሚኤሶና አሰቦት የባቡር ከተሞች ሲሆኑ፣ ጭሮና ሂርና ግን ወደ ሐረር በሚወጣው የመኪና መንገድ አደጉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ይህንኑ የቆላ መስመር ተከትሏል።

በዴሳ አጠገብ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ሲሆን፣ ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ምድብ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው፤ በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ስም መጠራቱ እጅግ ተገቢ ነው። ከኢጣልያ ወረራ በፊት ደግሞ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በተለያየ ጊዜ ጨርጨርን ሲገዙ፣ አውራጃው ለአዲስ አስተዳደር አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

የአገሩ ትልቁ ሀብት ግን ቡናው ነው። በገለምሶ፣ በበዴሳና በመቻራ አካባቢ የሚበቅለው የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነገለፈቱ በፀሐይ ይደርቃል፤ እንዲህ የደረቀው ፍሬ ጀንፈል ይባላል፤ ፍራፍሬ የሚያስታውሰው ልዩ ጣዕሙም በከፊል ከዚህ አደራረቅ የመጣ ነው። ይሁንና ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆርጦ ፈጥኖ ገንዘብ ስለሚያስገኝ፣ ማሳው ጠባብ የሆነ ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚለቀመውን ቡና ነቅሎ ጫት መትከሉ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ከየጓሮው የሚነቀለው ቡና ከአካባቢው አፈርና ዝናብ ጋር ለረጅም ዘመን የተላመደ ዝርያ በመሆኑ፣ አንዴ ከጠፋ በሌላ ቦታ ዘር መተካት አይቻልም፤ ስለዚህም የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል በሐረርጌ ቡና ላይ የሚያካሂደው ሥራ ከፍ ያለ ድጋፍ ይገባዋል።