ያውቁ ኖሯል? ግመሉ ለሜዳው፣ ካርቦኑስ ለማን?

ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚዘረጋው ሜዳ የሚሰማራ ግመል ለአገሩ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ውኃ ሲያጣ የሰውነቱን ሙቀት ሌሊት ወደ 34፣ ቀን ወደ 41 ዲግሪ ገደማ እያደረሰ ላብ ይቆጥባል። ነገር ግን ሜዳው ለግመሉ አልተለካም፤ ግመሉ ነው በረጅም ዘመን ደረቁን ምድር የተላመደው። አጽናፈ ዓለም ለሕይወት የተቃኘ መምሰሉንም ብዙዎች በዚሁ ይፈቱታል፦ ሕይወት ባገኘችው ቤት ተመቻችታ ኖረች እንጂ ቤቱ ለእሷ አልተሠራም ይላሉ።

መልሱ ለግመሉ ይበቃል፤ ግመሉ ለተሠራበት ካርቦን ግን አይበቃም። መላመድ የሚጀምረው ሕይወት ካለ በኋላ ነው፤ ካርቦን ደግሞ አስቀድሞ፣ በከዋክብት ሆድ ውስጥ ሦስት የሂሊየም አስኳሎች ተዋህደው መፈጠር ነበረበት። እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል በ1953 እ.ኤ.አ. የካርቦን አስኳል 7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ላይ የኃይል እርከን ከሌለው ውህደቱ እጅግ አዝጋሚ እንደሚሆን ተነበየ፤ በካሊፎርኒያ የተደረገ ሙከራም እርከኑን አገኘው። «ባይኖርማ ጠያቂም አይኖርም ነበር» የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ሆኖም እርከኑ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አይነግረንም። ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ እርከኑ በመጠኑ ቢዛነፍም ካርቦን ሊፈጠር እንደሚችል የኋላ ስሌቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ቅኝቱ አለ፤ አንዳንዶች እንደሚያወሩት የፀጉር ስንጥቅ ያህል ጠባብ ግን አይደለም።