ያውቁ ኖሯል? ከብራና ጥራዝ እስከ ኦፍሴት

«ጥራዝ ነጠቅ» የሚለው ነቀፌታ የመጣው ከመጽሐፍ ሥራ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በብራና ሥራ ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ሉክ ብራና ተደራርቦ መሐል ለመሐል ይታጠፍና ስምንት ወይም ዐሥር ቅጠል ይወጣዋል። ጥራዝ ማለት ይህ ነው። ጥራዞቹ በተራ ሲሰፉ መጽሐፍ ይሆናሉ። ከመካከል አንዷን ብቻ ነጥቆ የሄደ ሰው የነገሩን መነሻም ሆነ መድረሻ ሊያውቅ አይችልም።

ቅጠልና ገጽ አንድ አይደሉም። አንድ ቅጠል ሁለት ገጽ አለው፤ ስለዚህ «መቶ ቅጠል» የተባለ የብራና መጽሐፍ 200 ገጽ ነው።

የብራና አንዱ ፊት ከሌላው ይለያል። ፀጉር የነበረበት ወገን ቢጫ ይላል፣ ሥጋ የነበረበት ደግሞ ይነጣል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ጥራዙን ሲደራርብ የፀጉሩን ወገን ከፀጉር፣ የሥጋውን ከሥጋ ጋር ያጋጥመዋል፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው። መስመሩም በቀለም አይሰመርም። ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳና ከቀዳዳ ቀዳዳ በሹል ነገር ተጭኖ ይሰመራል። በአሮጌ ዳዊት ላይ ብርሃን በጎን ቢያበሩ ያ ጭረት ዛሬም ይታያል።

ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ ስለሚሠራ ብርሃን አያደበዝዘውም። ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። የመጽሐፉ አሠሪ ስምም በቀይ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ መጽሐፉ ወደ ሌላ ባለቤት ሲዛወር የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ በቦታው ይገባል። የአንድን መጽሐፍ ጉዞ ለሚከታተል ተመራማሪ እንዲህ ያለ የተፋቀ ቦታ ትልቅ ሀብት ነው።

በጽሑፉ ራስጌ ላይ የሚጠላለፈው ጌጥ ሐረግ ይባላል። መጽሐፉን አቅፈው የሚይዙት የእንጨት ሽፋኖች ገበታ ናቸው። ገበታውን ቆዳ ማልበስና ቆዳውን በጋለ ብረት ማስጌጥ መደጎስ ነው፣ ባለሙያውም ደጓሽ። ማኅደር ደግሞ መጽሐፉ የሚገባበትና በትከሻ የሚንጠለጠለው የቆዳ ከረጢት ነው። ጋዜጠኞች ዛሬ «ዐምድ» የሚሉትም ከዚሁ ቤት የተወረሰ ነው፤ የብራና ገጽ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዐምድ ይከፈላል፣ በትልልቆቹ መጻሕፍት በሦስት። የብራና መጻሕፍት ዕድሜ ከተነሣ፣ በዓድዋ አቅራቢያ በእንዳ አባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠሩ ታውቋል። በዓለም ላይ ሥዕል ይዘው እስከ ዛሬ ከቆዩት ጥንታዊ ወንጌሎች መካከል ናቸው።

በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ሮም ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 የታተመ መዝሙረ ዳዊት። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ ሲሆን ግእዝን የተማረው ሮም ከነበረው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነው። ፖትከን ግን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ነበር የጠራው።

ከዚያ የሚበልጠው ታሪክ 35 ዓመት ቆይቶ ይመጣል። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር በሮሙ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ፊደሉን የሚደረድሩት ጣሊያኖች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፣ መነኮሳቱ ደግሞ የማተሚያውን ሙያ አያውቁም። ይህንኑ ለአንባቢ ገልጸው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠየቁ። ቋንቋውን የማያውቅ እጅና ሙያውን የማያውቅ ዓይን ተደጋግፈው ያን የሚያህል መጽሐፍ ማውጣታቸውን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ችግራቸውን ለመረዳት የእርሳስ ፊደል ሣጥንን ማሰብ ነው። ለላቲን ፊደል 26 ትልቅና 26 ትንሽ፣ በዚያ ላይ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ይበቃል። ለአማርኛ ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ኋ፣ ቋ እና ሟ፣ የግእዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ ገና አልገቡም። ሠራተኛው ከዚህ ሁሉ ጕድጓድ አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድራል፣ የሚደረድረውም የተገለበጠ ፊደል ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው የሚቃናው። ለዚህ ነው ሙያው «ፊደል ለቀማ» የተባለው። ዛሬ በጣት የሚለቀም ነገር ባይኖርም «የኮምፒውተር ለቀማ» ይባላል፣ እኔም ስሙ ባይቀየር እመርጣለሁ። የእነዚያ ለቃሚዎች ድካም ሌላ መታሰቢያ የለውም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በራስ ተፈሪ የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በስሙ የተጠራው ጋዜጣ የወጣው በ1917 ዓ.ም. ነው።

አታሚና አሳታሚ ይለያያሉ። አታሚው ወረቀቱን ያትማል፤ አሳታሚው ወጪውን ችሎ ያወጣዋል።

በኦፍሴት ማተሚያ ፕሌት የሚባለው፣ ጽሑፉ ያረፈበት ሰሌዳ፣ ወረቀቱን አይነካም። ምስሉ መጀመሪያ ጎማ ላይ ያርፍና ከጎማው ወደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ በፕሌቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በቀጥታ ይነበባል። ፕሌቱ ሜዳ ነው፣ ጉብታም ጕድጓድም የለውም። ውሃና ቅባት ስለማይስማሙ ብቻ ቀለሙ ፊደሉን ይይዛል፣ ባዶውን ቦታ ይተዋል። ሐሳቡ የባቫሪያው አሎይስ ዜኔፌልደር ነው፤ እሱ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሠራው በድንጋይ ነበር።

ባለ 16 ገጽ ጥራዝ ሲታተም በሉኩ ላይ ከ1ኛው ገጽ ጎን የሚቀመጠው 16ኛው ነው፤ ሲታጠፍ ሁሉም ተራውን ይይዛል። በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ ባዶ ገጾች የሚገኙትም አብዛኛውን ጊዜ ጥራዙ እንዲሞላ ነው።

«80 ግራም ወረቀት» ሲባል የአንዱ ቅጠል ክብደት አይደለም። የአንድ ካሬ ሜትር ነው። ኤ0 የሚባለው ወረቀት ስፋቱ ልክ አንድ ካሬ ሜትር ነው፣ ከእሱ 16 ኤ4 ይወጣል፤ 80 ለ16 ሲካፈል አንዱ ኤ4 አምስት ግራም ይመዝናል፣ የ500ው እሽግም ሁለት ኪሎ ተኩል። ልኩ የጀርመን ደረጃ ሆኖ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ኤ4ን መሐል ለመሐል ቢያጥፉት ቅርጹ አይለወጥም፣ መጠኑ ብቻ ያንሳል።

ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ቶሎ ቢጫ የሚሆነው ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ መልኩን ይለውጣል። ከጨርቅ ውዳቂ የተሠሩ የጥንት ወረቀቶች ስንት መቶ ዓመት ቆይተው ነጭ የሆኑት ይህ ነገር ስለሌላቸው ነው።

ወረቀት እንደ እንጨት መስመር አለው። ጋዜጣ ወስደው ከላይ ወደ ታች ይቅደዱት፣ ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ። በአንዱ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በሌላው እየተንሻፈፈ ያስቸግራል። መጽሐፍ ሲጠረዝ የወረቀቱ መስመር ከጀርባው ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ተሻግሮ ከተጠረዘ ገጹ ይቆማል እንጂ አይተኛም፣ ጀርባውም ይሸበሸባል።

መጽሐፍ ሲገዙ ጀርባውን ከራስጌ በኩል ይመልከቱት። የታጠፉ ጥራዞች ተደርድረው፣ መሐላቸው ሲገለጥ ክር ከታየ ተሰፍቷል። ቅጠሎቹ እያንዳንዳቸው ተቆርጠው ሙጫ ላይ ከተተከሉ ግን በሙጫ ብቻ የተያዘ ነው፤ ይሄኛው ርካሽ ነው፣ ሙጫው ሲደርቅ ቅጠሉ ይረግፋል። በየቀኑ ለሚገለጥ መጽሐፍ፣ ለዳዊትም ሆነ ለመዝገበ ቃላት፣ የተሰፋውን ይምረጡ።