አንብበን እንፈርም

ሐዋሳ ከተማ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ብዙ እህቶቻችን ከገጠር እየመጡ እዚያ በልብስ ስፌት ተቀጥረዋል። ሰው ሲቀጠር የሥራ ውል ይቀርብለታል። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲባል ቆም እንበል። መጀመሪያ እናንብብ።

ለምን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንበብ ለማይችል ሰው ያስባል። የጣት አሻራው በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። እኛ ግን ዛሬ አንባቢ ነን። ፊርማችን ያስገድደናል።

ከውሉ ውስጥ ምን እንፈልግ? ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የሙከራ ጊዜውን እንፈልግ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልኩን ያሳየናል፦

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።
መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም።
ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል።

ውሉ ከዚህ ያነሰ ቢሰጠንስ? ብንፈርምም እንኳ ሕጉ ይበልጣል። ውል ሕግ የሰጠንን መብት ሊቀንስ አይችልም።

ያልገባንን ቃል እንጠይቅ። የውሉን አንድ ቅጂ እንያዝ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።