በአንድ ስፒከር ብቻ ያማረ ሙዚቃ ገበያ ላይ ያከስራል

ኮምፒዩተር፣ ማይክራፎን፣ የድምፅ ካርድና ጥንድ ስፒከር ያለው ሰው ዛሬ ከመኖሪያ ክፍሉ ሳይወጣ ሙዚቃ አዘጋጅቶ ለገበያ ማቅረብ ይችላል። የሥራው ወጪ ቀንሷል፤ አደጋው ግን አልቀነሰም። በተሠራበት ክፍል ግሩም የነበረው ዘፈን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ቤዙ ዘፋኙን ይውጠዋል፤ በስልክ ሲደመጥ ደግሞ ቤዙ ራሱ ይጠፋል።

ገንዘቡን ያወጣው ወገን ጉድለቱን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ሥራው ከወጣ በኋላ ነው። ዩቲዩብ ላይ የተጫነን ቪዲዮ በሌላ ፋይል መተካት ስለማይቻል፣ የታረመው ሥራ እንደ አዲስ ይጫናል፤ የተመልካቹም ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል።

ክፍሉ ያታልላል

ለችግሩ ብዙዎች ስፒከሩን ይወቅሳሉ። ዋናው ምክንያት ግን በአብዛኛው ክፍሉ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይደራረባል። በግድግዳው ዳር ያብጣል፤ በክፍሉ መሀል ሊጠፋ ይደርሳል። መሀል ተቀምጦ የሚሠራው ባለሙያ ቤዙ ያነሰ ስለሚመስለው ይጨምራል። ጭማሪው ከዚያ ክፍል ሲወጣ ትርፍ ይሆናል። ግድግዳ ተጠግቶ የሚሠራው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይቀንሳል።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ለቤዙ የሚረዳው በክፍሉ ማዕዘኖች የሚቆም፣ በጨርቅ የተሸፈነ ወፍራም ፋይበር ግላስ ነው። ውድ ስፒከር ከመግዛት በፊት ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ጆሮም ያሳስታል

ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ በቀነሰ ቁጥር ጆሮ ቤዙን ከመካከለኛው ድምፅ ይልቅ ይስታል። ስለዚህ ደንበኛን ለማስደሰት በኃይል የተከፈተ ሥራ ከእውነተኛው ይልቅ የተሟላ መስሎ ይሰማል። ከፋዩ ድምፁን አስቀንሶ መስማት ይኖርበታል።

ሄድፎን ከክፍሉ ተፅዕኖ ያድናል። ይሁንና በስፒከር ሲደመጥ የግራው ድምፅ ለቀኝ ጆሮም ይደርሳል፤ በሄድፎን ግን አይደርስም። በሄድፎን ሰፊ የመሰለው ሥራ በስፒከር ሲከፈት ጠባብ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም። ቤዝ ጊታር በስልክ እንዲሰማ የሚያደርገው መጠኑን መጨመር ሳይሆን፣ ከላዩ ያሉትን ከፍተኛ ንዝረቶች ማጉላት ነው፤ ጆሮ እነርሱን ሰምቶ የጎደለውን ይሞላል። በአንጻሩ የመሲንቆ ስለታም ድምፅ ጆሮ ይበልጥ በሚነቃበት ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሄርዝ ባለው ክልል ከጎላ፣ በትንሽ ስፒከር ዘፋኙን ይሸፍናል።

ከመጨረሻው ክፍያ በፊት

ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት አገልግሎት ያወጣው ኤንኤስ-10 ስፒከር በዓለም ትልልቅ ስቱዲዮዎች የተለመደው ድምፅን ስለሚያሳምር አልነበረም፤ መካከለኛውን ድምፅ አጉልቶ ጉድለትን ስለሚያሳይ ነበር። ምርቱ በ2001 ቢቆምም ትምህርቱ አልቆመም። ሥራውን የሚረከብ ወገን የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቀማል፦

1. ሥራውን በስልክ፣ በሄድፎን፣ በመኪናና በቴሌቪዥን ማዳመጥ። ጉድለቱ በአንዱ ብቻ ከታየ የመሣሪያው ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ከታየ ግን መታረም ያለበት ሚክሱ ነው።

2. ገበያ ላይ ከታወቀ ተመሳሳይ ዘፈን ጋር የሁለቱን ድምፅ መጠን አስተካክሎ ማወዳደር። መጠኑ ካልተስተካከለ ጆሮ ለጮኸው ያደላል።

3. ግራና ቀኙን ወደ ሞኖ አስደምሮ መስማት። ተቃራኒ የሆኑ ድምፆች ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፤ ባለ አንድ ስፒከር ስልክ የያዘ አድማጭም የሚሰማው ይህንኑ ነው።

4. ሥራው ከልክ በላይ እንዲጮህ አለመጠየቅ። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ወደ ተቀራራቢ የድምፅ መጠን ስለሚያመጣ፣ ያለ ልክ የተጮኸው ዝቅ ተደርጎ ይሰማል፤ የታፈነው ቅላጼ ግን አይመለስም።

ይህ ሁሉ ምርመራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በውሉ ላይ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት እንዲፈጸም ቢሰፍር፣ ጉድለቱ ከአድማጭ በፊት ለከፋዩ ይታወቃል።