ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት አመጋገብና የሰውነት ማጎልመሻ

ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ምግብ አጥብቆ ሲመርጥ ቅብጠት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው የምግቡ ልስላሴ፣ ሽታ ወይም ቀለም ነው። በቢቸና ወይም በሞጣ ደረቅ እንጀራ ብቻ የሚበላ ልጅ ቢያጋጥም፣ ሽሮውን በእንጀራው ላይ ሳያፈሱ በሌላ ሳሕን ጥቂት ጥቂት አድርጎ ደጋግሞ ማቅረብ እንጂ ማስገደድ አይገባም። ከግሉተን ነፃ የሆነ ምግብ ኦቲዝምን እንደሚያሻሽል አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ ጤፍ ደግሞ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል። የቡድን ጨዋታ የከበደውን ልጅ መምህሩ ቃል ሳያበዛ በተግባር እያሳየ፣ ዘወትር በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ሩጫና የገመድ ዝላይ ሊያለማምደው ይችላል። በ2002 እ.ኤ.አ. በዘሚ የኑስ የተመሠረተው የጆይ ማዕከል የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ ለሁለቱ ከተሞች ልጆች ቅርቡ ሜዳ የትምህርት ቤታቸው ሜዳ ነው።