ብርሃኑ የማን ነው?

ጋላክሲን ሚዛን ላይ አውጥቶ የመዘነ የለም። በሙያችን «የዚህ ጋላክሲ ከዋክብት የፀሐይን 10 ቢሊዮን እጥፍ ይመዝናሉ» የምንለው ብርሃኑን ለክተን፣ የከዋክብት ነው ብለን አስልተን ነው። ብርሃኑ ከቀላ ደግሞ ወይ ከዋክብቱ አርጅተዋል፣ ወይ አቧራ ጋርዷቸዋል እንላለን። ሁለቱም ክብደቱን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ያረጁ ከዋክብት ከክብደታቸው አንጻር የሚሰጡት ብርሃን ጥቂት ነው፤ አቧራ የዋጠውም ብርሃን በስሌቱ ተመልሶ ይደመራል።

የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያሳየን ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ይህን ልማድ ፈትነውታል። አብዛኞቹ ዩኒቨርስ 1.5 ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላው የነበሩ ናቸው። የፍኖተ ሐሊብ ስፋት 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ የብዙዎቹ ነጥቦች ግን ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። ኢቮ ላቤና ባልደረቦቹ በ2023 «ኔቸር» ላይ ባወጡት ጥናት፣ መሰል ቀይ ጋላክሲዎች በከዋክብት ብርሃን ሲሰሉ የአንዱ ክብደት ወደ 100 ቢሊዮን ፀሐይ ተጠጋ፤ ያውም ከቢግ ባንግ 700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ። በዚያ ዕድሜ ለዚህ ሁሉ ኮከብ የሚበቃ ጋዝ ከየት ይመጣል?

ብርሃናቸው በስፔክትረም ተበትኖ ሲታይ በብዙዎቹ የሃይድሮጅን መስመሮች ሰፍተው ተገኙ። ይህም፣ ጋዝ በሰከንድ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ እየከነፈ ጥቁር ጉድጓድ እንደሚዞር የሚያመለክት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥቁር ጉድጓድ ኤክስሬይ መርጨት ነበረበት፤ የቻንድራ ቴሌስኮፕ ግን ከአብዛኞቹ ምንም አላገኘም። የሚጠበቀው የጋለ አቧራም አልታየም።

በ2025 ይፋ የሆነው «ዘ ክሊፍ» የተባለው ነጥብ ፍንጭ ሰጠ። በስፔክትረሙ ላይ ብርሃኑ በአንድ ቦታ በድንገት ያሽቆለቁላል፤ ያረጁ ከዋክብትም ሆኑ አቧራ እንዲህ ያለ ቁልቁለት አይፈጥሩም። ጥቁር ጉድጓድን የከበበ የጋለና ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ ግን ይፈጥራል፤ ኤክስሬዩንም ሊውጠው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቅላቱ የከዋክብት አይደለም፤ ያ ሁሉ የከዋክብት ክብደትም ይቀንሳል።

ጥያቄው ግን እዚያ አላበቃም። ጥቅጥቅ ባለው ጋዝ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ሲበትኑትም መስመሮቹ ይሰፋሉ። ስፋቱን በሙሉ ለፍጥነት ከሰጠነው የጥቁር ጉድጓዱን ክብደት እናጋንናለን። በአቤል 2744 የጋላክሲዎች ክምችት ስበት ጎልቶ በታየ አንድ ነጥብ ላይ የተሠራው ሥራ ዋጋ ያገኘው ለዚህ ነው፤ ጋዙ በዙሪያው ሲሽከረከር ተለክቶ ጥቁር ጉድጓዱ 50 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል እንደሚመዝን ታወቀ። እንቅስቃሴ፣ ብርሃኑ የማንም ይሁን የማን፣ ስበትን ይናገራል።

እንዲህ ያለ ልኬት የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው። ለቀሩት ነጥቦች፣ ተማሪ የክብደት ቁጥር ይዞልኝ ሲመጣ ስለ አሃዙ ትክክለኛነት ከመጠየቄ በፊት «ብርሃኑን የማን ነው ብለህ አሰላኸው?» እለዋለሁ። መልሱ ከቁጥሩ ጎን ካልተጻፈ ሰንጠረዡ ውስጥ አላስገባውም።