አስታ ሲያረጅ

በባሌ ተራሮች ከሐረና ደን ተነስቶ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ዛፉ እያጠረ ሲሄድ ያያል። የደኑ ግዙፎች ወደ ኋላ ይቀሩና ቦታው ለአስታ ይለቀቃል፤ መጀመሪያ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት ዛፍ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ደግሞ ቁጥቋጦ ሆኖ። በባሌም ሆነ በሰሜን ተራሮች የሰደድ እሳት ነገር ሲነሳ ዋናው ባለጉዳይ ይህ ተክል ነው። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ እርጥብ እያለም እሳት ይቀበላል። በበጋ፣ ነፋስ ባለበት ቀን፣ በተዳፋት ላይ ከተያያዘ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው እየመቱ የሚያጠፉት እሳት አይደለም።

ይሁን እንጂ አስታ በእሳት አይሞትም። ከሥሩ አናት ላይ፣ በከፊል አፈር የለበሰ እብጥ ያለ ጉቶ አለው፤ ስንቁን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ላዩ ነድዶ ከሰል ቢሆንም ዝናብ ሲያገኝ ከጉቶው ለምለም ቀንበጥ ያወጣል። ከብት ይህን ቀንበጥ ይወደዋል፤ ያረጀውን አስታ ግን ዞር ብሎም አያየውም። የባሌ ተራሮች ከብት አርቢዎች ከድሮ ጀምሮ አስታ የሚያቃጥሉት በዋናነት ለዚህ ነው። ጥቅጥቅ ያለ አስታ የጅብ መሸሸጊያ መሆኑም ሌላው ምክንያታቸው ነው።

ተመራማሪዎቹ ማሪያ ዮሃንሰን፣ ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ስለ እሳት የጠየቁት እነዚህኑ አርቢዎች ነበር። መልሳቸው የእሳት ባለሙያ መልስ ነው። በቅርብ ዓመታት የነደደ ቦታ በቂ ጭራሮ ስላላከማቸ ዳግመኛ አይነድም፤ እሳት እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ አዋቂ አርቢ ክብሪቱን ከመጫሩ በፊት እሳቱ የት ላይ እንደሚቆም አይቶ ጨርሷል። ዘንድሮ የነደደው፣ የዛሬ አምስት ዓመት የነደደው፣ ለመንደድ የደረሰው ጎን ለጎን ሲሆኑ ተራራው እንደ ድሪቶ ቁራሽ በቁራሽ ይሆናል። አንዱ ቁራሽ ቢነድም ጎረቤቱ ያስቆመዋል። በዚህ አሠራር ማንም የእሳት መከላከያ መስመር አልቆፈረም፤ መስመሩ የአስታው ዕድሜ ራሱ ነው።

ማቃጠል በሕግ የተከለከለ ነው። የክልከላው ዓላማ መልካም ነው፤ በዚያ ተራራ አናት ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከግማሽ ያላነሰው በባሌ ነው። ነገር ግን የተከለከለ እሳት ጠባቂ የለውም። በግልጽ ቢያቃጥል ጎረቤቶቹን ጠርቶ ዳር ዳሩን ይቆም የነበረ ሰው፣ በስውር ሲሆን ለኩሶ ይሄዳል። ለዓመታት እሳት ያልነካው አስታ ደግሞ አርጅቶ፣ ደረቅ ጭራሮ ተሸክሞ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይጠብቃል። የጉዳዩ እምብርት ለእኔ ይህ ነው፦ እሳትን የሚያውቁ ሰዎች ከእሳቱ ሲርቁ፣ እሳቱ ከተራራው አልራቀም።

በ1992 ዓ.ም. የበጋ ድርቅ ወቅት በባሌና በቦረና የተነሳው እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን አጥፍቷል። ነዋሪው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘመተ፤ የውጭ አገር ባለሙያዎችም መጡ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪደርስ ድረስ ገደል ለገደል እየተንጠላጠሉ የተከላከሉት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሄሊኮፕተር እንኳ የለመደውን ያህል ውሃ አይሸከምም፤ ሰውም ቶሎ ይደክማል። ከተነሳ በኋላ ማጥፋት ይህን ያህል ከባድ ከሆነ፣ ጉልበቱ መዋል ያለበት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው።

ያ ሥራ በአብዛኛው ትንንሽ ነገር ነው። በሐረና ማር ቆራጭ በችቦ ጭስ ንብ ያባርራል፤ የወደቀች ፍም ደረቅ ቅጠል ካገኘች በቂ ነው። ክዳን ያለው ማጨሻና ወደ መሬት ቀረብ ያለ ቀፎ ይህን አደጋ ይቀንሳል። ማሳ ለማጽዳት የሚያቃጥል ገበሬ ዙሪያውን አስቀድሞ ቢመነጥር፣ ነፋሱ እስኪረግብ ቢታገስ፣ ከላይ ወደ ታች እንዲነድ ቢለኩስ ብዙ ነገር ይቀየራል፤ እሳት ሽቅብ ሲሄድ ይፈጥናል፣ ቁልቁል ሲሄድ ይዘገያል። ጭስ ያየ ማን ጋ እንደሚደውል፣ አካፋና ገጀራው የማን ቤት እንደተቀመጠ፣ ከየጎጡ ማን እንደሚወጣ ከኅዳር በፊት መታወቅ አለበት።

ከባዱ ጥያቄ ስለ አስታው ነው። ተመራማሪዎቹ የሚመክሩት አርቢዎቹ ከባለሥልጣናቱ ጋር ሆነው በግልጽ የሚመሩት የእሳት አስተዳደር ነው። መሠረቱ አለ፤ በባሌ ፋርም አፍሪካና ኤስኦኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች የደገፏቸው የአሳታፊ ደን አስተዳደር ማኅበራት አሉ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም ለማኅበረሰብ ደን ሕጋዊ እውቅና ይሰጣል። ሆኖም ፈቃዱ ልቅ ሊሆን አይችልም። አርቢዎቹ ራሳቸው በሁለት ቃጠሎዎች መካከል አሥር ዓመት ገደማ ይበቃል ይላሉ። ቶሎ ቶሎ ከነደደና ቀንበጡን ከብት ከጨረሰው ጉቶው ስንቁ ያልቅበታል። ስለዚህ ሽማግሌውና የፓርኩ ጠባቂ አብረው ተራራውን ዞረው የትኛው ቁራሽ እንደደረሰ፣ የትኛው ገና እንደሆነ፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይነካ መወሰን ይኖርባቸዋል፤ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሁሉም ሰው በቦታው ሆኖ።